ስሙ የስፕሪንግፊልድ፣ እጁ የካርሎቫትስ

አገራችን ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስሪቱ የት ነው?» ነው። የውሃ ፓምፕም ይሁን ሸሚዝ፣ የመኪና ባትሪም ይሁን ብረት ድስት። ሻጩ የኩባንያ ስም እየጠራ ያወድሳል። ገዢው ዕቃውን ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። አሜሪካ መጥቼ ብዙ ኖሬም አልለቀቀኝም፤ ለሥራ የምታጠቀው ሽጉጥ ከሌላው ዕቃዬ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራዬ ጥበቃ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። መሣሪያ መያዝ የሥራው ግዴታ ነው። ሽጉጡ ኤክስዲ ይባላል፣ 9 ሚሊሜትር ነው። ጎኑ ላይ ጎላ ብሎ «ስፕሪንግፊልድ አርመሪ» ተጽፎበታል፣ የተጠላለፉ ሁለት መድፎች ምልክትም አለው። በሌላ በኩል ደግሞ በደቃቅ ፊደል ክሮሺያ የተሠራ መሆኑ ተቀርጿል። ስሙ የአንድ አገር፣ ብረቱ የሌላ አገር ነው። በዚህ ዘመን ብርቅ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስልካችንም ጫማችንም እንደዚያው ነው። ስፕሪንግፊልድ አርመሪ ግን ዝም ብሎ ማስታወቂያ ሠሪ ያወጣው ስም አይደለም። ከ170 ዓመት በላይ ሰው የሠራበት፣ ሰው ያረጀበት ቤት ስም ነው። እኔ ደግሞ ያንን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅበት የራሴ ምክንያት አለኝ፣ እመጣበታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ። ስፕሪንግፊልድ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለች፣ በኮኔቲከት ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1777፣ አሜሪካኖቹ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ፣ መሣሪያና ጥይት የሚከማችበት ቦታ ተብላ ተመረጠች። በ1794 ደግሞ የመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ እንዲሆን ተወሰነ። ሥራው በተጀመረበት በ1795 ዓመቱን ሙሉ የወጣው 245 ጠመንጃ ብቻ ነበር። ሠራተኛው 40 ያህል ሰው ነው። ያ ሁሉ በእጅ፣ በሞረድና በመዶሻ የተሠራ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ቶርኖ (ዕቃውን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ተምሬ ጥቂት ጊዜ ሠርቼበታለሁ፤ ስለዚህ ስለ ማሽን ሲወራ ጆሮዬ ይቆማል። ያኔ የጠመንጃ ሰደፍ በእጅ ነበር የሚጠረበው። ሰደፍ ደግሞ ለቶርኖ አይመችም፤ ክብ አይደለም፣ ይጎብጣል፣ ይቀጥናል፣ መልሶ ይወፍራል። ቶማስ ብላንቻርድ የሚባል ሰው መላ አገኘለት። ከብረት የተሠራ ሞዴል ሰደፍ አንድ በኩል ይታሰራል፣ ጥሬ እንጨቱ በሌላ በኩል። ሁለቱም አብረው ይሽከረከራሉ። አንዲት መንኮራኩር የሞዴሉን ገላ እየዳበሰች ትሄዳለች፤ ቢላዋው መንኮራኩሯ የነካችውን ሁሉ እየተከተለ እንጨቱን ይቆርጣል። ሞዴሉ ሲጎብጥ እንጨቱም ይጎብጣል። ማሽኑ ዛሬም ፋብሪካው ግቢ ባለው ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ፊቱ ቆሜ ስሠራው የኖርኩትን ቶርኖ አሰብኩ፣ የኛ ሙያ አያት እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የጠመንጃ አካላት አንዱ ላይ ተፈትተው ሌላው ላይ እንዲገጥሙ የማድረጉ ሥራም የተለፋበት እዚሁ ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። ከዚያ በፊት የአንዱ ጠመንጃ ብሎን ለሌላው አይሆንም ነበር፤ ጦር ሜዳ ላይ አንዲት ቅንጣት ዕቃ ስትሰበር ጠመንጃው ዱላ ሆኖ ይቀር ነበር ማለት ነው። መለኪያ፣ ማጣሪያ፣ ተቆጣጣሪ፣ ፊርማ፣ ያ ሁሉ ሥርዓት ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ እንደ ተራ ነገር የምናየው ነው። ያኔ ግን አንድ በአንድ፣ ብዙ ብረት እየተበላሸ የተገኘ ነው።

ከዚያ ጆን ጋራንድ አለ። ካናዳ፣ ኩቤክ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ከ1919 ጀምሮ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሠራ፣ በ1953 ጡረታ ወጣ። ኤም ዋን የሚባለውን ጠመንጃ የፈጠረው እሱ ነው፤ በ1936 የአሜሪካ ጦር ተቀበለው። ጠመንጃውን ብቻ አይደለም፣ ጠመንጃውን የሚሠሩ ማሽኖችንም ጭምር ነድፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስፕሪንግፊልድ ብቻውን 3.5 ሚሊዮን ያህል ኤም ዋን አወጣ። ወደ 14,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው፣ ከዚያ ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ጋራንድ የፈጠራ መብቱን ለመንግሥት ሰጠ፤ ከእያንዳንዱ ጠመንጃ አምስት ሳንቲም እንኳ አልደረሰውም። 100,000 ዶላር ይሰጠው የሚል ሐሳብ ለምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ይህን ሳነብ ተናድጃለሁ፣ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

እንግዲህ የኔ ጉዳይ። አያቴ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ፑሳን ሲደርስ የአሜሪካ መሣሪያ ታደለው፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖም ተዋጋ። ከ120 በላይ ልጆቻችን እዚያ ቀርተዋል፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። አባባ (እኛ የልጅ ልጆቹም አባባ ነበር የምንላቸው) ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም ነበር። ስለ ጠመንጃው ግን ያወራሉ። ስምንት ጥይት ባንድ ጊዜ ከነማቀፊያዋ ከላይ ትጎርሳለች፤ ስምንተኛው ሲተኮስ ባዶዋ ማቀፊያ ጭል ብላ ትወጣለች። ስታጎርሳት አውራ ጣትህን ቶሎ ካላነሳህ ብረቱ ተወርውሮ ይመጣና ይቀረጥፍሃል። የአባባ የቀኝ አውራ ጣት ጥፍር መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ ነበር። «እቺን የነከሰችኝ እሷ ናት» እያሉ ያሳዩን ነበር፣ ሰው የነከሰ የራሱን በቅሎ እንደሚያሞግስ።

የኤም ዋን አናት ላይ፣ ዓይንን ካነጣጠሩበት ቦታ ኋላ፣ የሠራው ቤት ስም ተቀርጿል። ያኔ ከነበሩት ኤም ዋኖች አብዛኞቹን የሠራው ስፕሪንግፊልድ ነው፤ ቀሪውን ዊንቸስተር። ስለዚህ የአባባ ጠመንጃ ስፕሪንግፊልድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሰደፉ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እንጨቱ ላይ ኤስ ኤ የሚል ማኅተም፣ ከሥሩ ደግሞ በዘመኑ ፋብሪካውን ይመራ የነበረው መኮንን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተመትተዋል። ሙዚየሙ ውስጥ ጎንበስ ብዬ አይቸዋለሁ። ፊደሎቹ እንጨቱ ውስጥ ጠልቀው ገብተዋል፣ ዘይት ጠጥተው ጠቁረዋል። ይህን ቤት የምመራው እኔ ነኝ፣ ጥፋት ካለ እኔን ጠይቁኝ እንደ ማለት ነው። ስም ማለት ለኔ ይሄ ነው።

ፋብሪካው እንደሚዘጋ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ በ1964 አስታወቁ፣ በ1968 ተዘጋ። ከተማዋ አዘነች። ግቢው ከፊሉ ኮሌጅ፣ ከፊሉ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር የሚተዳደር ሙዚየም ሆነ። ስሙስ? ቴክሳስ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው አነሣው፤ ለሲቪል የሚሸጥ ጠመንጃ መሥራት ጀመረበት። በ1974 ደግሞ ስሙንም ሥራውንም ኢሊኖይ፣ ጀኔሴዮ ለሚኖረው የሪስ ቤተሰብ ሸጠ።

1974ን ልብ በሉልኝ። እኛ አገር ንጉሡ የወረዱበት ዓመት ነው። ጆን ጋራንድ የሞተውም በዚያው ዓመት፣ በየካቲት፣ እዚያው ስፕሪንግፊልድ ነው። ግቢው በሕግ ታሪካዊ ቦታ የተባለውም በዚያው ዓመት ነው። ሰውየው ወደ መቃብር፣ ማሽኖቹ ወደ ሙዚየም፣ ስሙ ወደ ኢሊኖይ የእርሻ ከተማ። ሦስቱ በአንድ ዓመት ተለያዩ።

የጀኔሴዮ ሰዎች ሌባ ናቸው እያልኩ አይደለም። ስሙን በሕግ ነው የያዙት። የድሮው ፋብሪካ በ1968 መዘጋቱንም ራሳቸው ይናገራሉ። ሥራም ይሠራሉ፤ ኤም 14 የሚባለውን የጦር ጠመንጃ የሲቪል ዓይነት ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፣ «1911» የሚባለውን ሽጉጥም እንዲሁ፣ ጠበቅ ያለ ዕቃ ነው የሚያወጡት። ማስታወቂያው ላይ ግን «ከ1794 ጀምሮ» ይላል። እዚህ ላይ ነው የምጣላው። በ1794 የነበረው የማሳቹሴትሱ ቤት ነው፤ ያ ቤት በራሱ ጊዜ 1911 ሽጉጥ ጭምር ሠርቷል፣ ከ1914 እስከ 1917 ወደ 25,000 ያህል። ያ ዘመን የእነዚያ ሠራተኞች ነው። ጀኔሴዮ የራሱ ሃምሳ ዓመት አለው፣ ሃምሳ ዓመት ደግሞ የሚያሳፍር ዕድሜ አይደለም።

ወደ ሽጉጤ ልመለስ፤ ምክንያቱም እሱ ከጀኔሴዮም አልመጣም።

ካርሎቫትስ ክሮሺያ ውስጥ ያለች፣ አራት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በ1579 በኮከብ ቅርጽ የተቆረቆረች ምሽግ ነበረች፣ ኦቶማን ቱርኮችን ለመመከት። በ1991 ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ጦርነቱ እደጃፏ መጣ። ቱራኝ የሚባለው ሰፈሯ የጦር ግንባር ሆነ፤ በመድፍ ተደበደበ። የተባበሩት መንግሥታት በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በመላው ዩጎዝላቪያ ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ ግን የፌዴራሉ ጦር መጋዘን ሙሉ ነበር፣ አዲሷ ክሮሺያ ባዶ እጇን ነበረች። እኛም በ1935 ይህንኑ ቀምሰናል፣ ጣሊያን ፋብሪካ ነበራት፣ እኛ ግን የምንገዛበት በር ተዘጋብን። ስለዚህ የካርሎቫትስን ሰዎች ጭንቀት ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም።

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ነው ማርኮ ቩኮቪች የሚባል መሐንዲስና ባልደረቦቹ ሽጉጥ መሥራት የጀመሩት። ፒኤችፒ አሉት፣ የመጀመሪያው የክሮሺያ ሽጉጥ ማለት ነው። በጦርነት መሐል፣ በተገኘው ብረት የተሠራ ነበርና የመጀመሪያዎቹ እንከን አላጡም። ሰዎቹ ግን አልተዉትም። በ1995 ኤችኤስ 95 መጣ። በ1999 ደግሞ ኤችኤስ 2000፤ አካሉ ፕላስቲክ፣ ቀላል፣ ከራሳቸው ጭንቅላት የወጣ። የክሮሺያ ጦርና ፖሊስ ታጠቀው። ድርጅቱም ኤችኤስ ፕሮዱክት ተባለ።

ሽጉጡ በራሱ ስም አሜሪካ ገብቶ ነበር። በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ዞር ብሎ አላየውም። ክሮሺያን ማን ያውቃል? ከዚያ የጀኔሴዮው ኩባንያ የመሸጥ መብቱን ያዘ፣ ስሙን ኤክስዲ አለው፣ ሁለቱን መድፎች አተመበት። ከ2002 ገደማ ጀምሮ ያው ሽጉጥ፣ በመሠረቱ ያው ብረት፣ በተሻለ ዋጋ ተፈላጊ ሆነ። ከዚያ በ2019 ሄልካት የምትባለዋ ትንሿ መጣች፤ ኪስ የምትገባ ሆና አሥራ አንድ ጥይት በካዝናዋ ትይዛለች። እሷም ካርሎቫትስ። በ2023 ኤሸሎን መጣ፣ እሱም ካርሎቫትስ። ንድፉ፣ ብረቱ፣ ላቡ የክሮሺያ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን 1794 ነው የሚባለው።

ሽጉጤን ሳጸዳ ሁልጊዜ ትንሽ እቆያለሁ። ካዝናውን አወጣለሁ፣ ጥይት አለመኖሩን ደጋግሜ አያለሁ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን መፍቻ ወደ ላይ አዞራለሁ። ከላይ የሚንሸራተተው ብረት ወደ ፊት ተስቦ ይወጣል። ገልብጬ መብራት ሥር ሳየው የማሽኑ ቢላዋ የሄደበት መሥመር ይታያል። ውጭው ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ ውስጡ ላይ ግን ቀጫጭን ሰረዞች አሉ፣ እኩል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ያልወጣ። ቶርኖ የሠራ ሰው ያንን ያነባል። ቢላዋው ስለታም ነበር። ማሽኑ አልተንቀጠቀጠም። የሆነ ሰው በሰዓቱ ቢላዋውን ለውጧል፣ የሆነ ሰው ለክቶ አልፏል። እጀታው ኋላ ላይ ያለችው፣ መዳፍ ካልጨበጣት ሽጉጡን የማታስተኩሰው መጠበቂያም አለች። ሳትላላ ሳትጠብቅ በልኳ ተቀምጣለች። ይህን የሠራው ሰው ከተማው ካርሎቫትስ ነው። ምናልባት አባቱ ቱራኝ ላይ የተዋጋ ነው። በዚህ ብረት ላይ ከኔ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው፣ ስሙ ግን የለም።

አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ የድሮ ወታደር፣ የጎንደር ሰው። ይህን ሐሳቤን ነግሬያቸው ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ሲተኮስ ካልከሸፈ ስሙ ምን ያደርግልሃል?»

«ለኔ ምንም አያደርግልኝም፣ ጋሼ። ለሠሩት ሰዎች ነው የምለው።»

«ለሠሩት ሰዎችማ ጠቀማቸው! በራሱ ስም መጥቶ ማን ገዛው? ይኼኛው ስም ባይለጠፍበት ያ ፋብሪካ ዛሬ ተዘግቶ ነበር። እንጀራቸው በስሙ ነው የመጣው።»

እውነታቸውን ነው። ክርክራቸው ይከብዳል፣ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። የካርሎቫትስ ፋብሪካ ያደገው የአሜሪካ ገበያ ስለተከፈተለት ነው፤ ገበያውን የከፈተው ደግሞ የተዋሰው ስም ነው። ማንም አስገድዶ አላስፈረማቸውም። እኔ ደሞዜን በሰዓት የምቆጥር ሰው ሆኜ የሌላ ሰው እንጀራ ላይ አልቀልድም። ግን ከ2002 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? ሽጉጡ ራሱን አስመስክሯል። ፖሊስ ይዞታል፣ ጥበቃ ይዞታል፣ ሰው እቤቱ አስቀምጦታል። ያኔ ክሮሺያን የማያውቀው ገዢ ዛሬ ሃያ ዓመት የክሮሺያ ሽጉጥ ሲተኩስ ኖሯል። አሁንም ስሙ በትልቁ የሚጻፍበት ቀን አልደረሰም ማለት ይከብደኛል። ይህንንም ነገርኳቸው። «እሱስ ልክ ነህ» አሉ፣ ሻይ ቀዱልኝ፣ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ነገሩ በአንድ ኩባንያ የሚያበቃ አይደለም። ዊንቸስተርን ውሰዱ። ኒው ሄቨን ያለው የድሮው ፋብሪካ በ2006 ተዘጋ። ዊንቸስተር የሚል ስም ያላቸው ውብ ጠመንጃዎች ዛሬ ከሚወጡባቸው ቦታዎች አንዱ ጃፓን ነው፣ ሚሮኩ የሚባል ፋብሪካ። የሚሮኩን ሥራ ያየ ሰው ይመሰክራል፣ እንጨትና ብረት የተገናኙበት መሥመር ፀጉር አያስገባም። ሄንሪ የሚባለውም አለ። የድሮው የቤንጃሚን ሄንሪ ጠመንጃ የ1860ዎቹ ነው። የዛሬው ኩባንያ ብሩክሊን ውስጥ በ1990ዎቹ የተቋቋመ ነው፣ ከድሮው ጋር የሥጋም የሥራም ዝምድና የለውም። እሱ ቢያንስ ጠመንጃውን እዚሁ አሜሪካ ይሠራል፣ ስለዚህ ብዙም አልከፋበትም።

ማውዘር ግን ያሳዝነኛል፣ ለኛ ቅርብ ስም ስለሆነም ይሆናል። ጀርመን፣ ኦበርንዶርፍ፣ የወንድማማቾቹ የዊልሄልምና የፓውል ማውዘር ቤት። አሜሪካኖች ራሳቸው 1903 የሚሉትን ጠመንጃ ስፕሪንግፊልድ ላይ ሲሠሩ ከማውዘር ብዙ ስለወሰዱ 200,000 ዶላር ለመክፈል ተገደዋል። በ1935 ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ ከጀርመን በምስጢር 10,000 የማውዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት መጥቶልናል። ሂትለር እኛን ወዶ አይደለም፤ በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተፋጥጦ ስለነበር ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ ብትጠመድለት ደስ ይለው ነበር። ጠመንጃው ግን ጠመንጃ ነው፣ አርበኛ እጅ ገብቷል። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ፈረንሳዮች ፋብሪካውን ነቃቅለው ወሰዱ። ሥራ ያጡት መሐንዲሶች እዚያው ከተማ በ1949 ሄክለር ኤንድ ኮክን አቋቋሙ፣ አዲስ ስም፣ የራሳቸው ስም። ዛሬ የማውዘር ስም የሌላ ቡድን ነው፣ የአደን ጠመንጃ ይሠራበታል። ገበያ ላይ ደግሞ ማውዘር የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ትንሿን .22 ጥይት የሚተኩስ 1911 ሽጉጥ አለ። 1911 የአሜሪካዊው የጆን ብራውኒንግ ንድፍ ነው። የሚሠራውም ሌላ የጀርመን ኩባንያ ነው። ፓውል ማውዘር በሕይወቱ ያልነካው ሽጉጥ ላይ ስሙ ተለጥፏል። እሱን ሱቅ ውስጥ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ኮልትን ለየት አድርጌ አየዋለሁ። በ2021 የቼክ ኩባንያ ገዛው፣ ሰውም «ኮልት አለቀለት» አለ። ለኔ አላለቀም። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ፋብሪካው ኮኔቲከት ውስጥ ነው፣ ሠራተኛው ሥራውን ከአሮጌው ሠራተኛ ነው የተማረው። ስሙና እጁ አልተለያዩም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም እዚያችው ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ኖሮ በ2023 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቴነሲ ወሰደ፤ ከተማዋን ያሳዝናታል፣ ግን ኩባንያው ያው ኩባንያ ነው።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳልነግር አላልፍም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከአገራችን መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ እየተሸጡ ነው። በልጅግ አለ፣ የጣሊያን ጠመንጃ አለ፣ የእንግሊዝ አለ፣ አሜሪካ ራሷ የሰጠችን ካርባይንም ወደ አገሩ ተመልሷል። እንጨታቸው ተሰንጥቋል፣ ዝገት በልቷቸዋል፣ አንዳንዱ ሰደፍ በሽቦ የታሰረ ነው። የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸውን ሰብሳቢዎች በውድ ይፈልጓቸዋል። አንዱን አንድ የጠመንጃ ትርኢት ላይ አገኘሁት። ሻጩ የተጻፈውን አንብቦ ጨርሶ ነበር፣ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንዳዘዘው፣ በየት በኩል እንደመጣ ነገረኝ። አንበሳው ምን እንደሆነ እኔ ነገርኩት። ያ ጠመንጃ የሄደበት መንገድ በሙሉ ላዩ ላይ ነበር፣ የሠራው ፋብሪካ፣ የገዛው መንግሥት፣ ሽቦውን ያሰረው ገበሬ ጭምር። አዲሱና ንጹሑ ሽጉጤ ላይ ያጣሁት ይህንን ነው።

ደግሞ ስሙን የተቀማው ካርሎቫትስ ብቻ አይደለም። «ከ1794 ጀምሮ» ሲባል ማሳቹሴትስም ትጎዳለች። ወጣት ገዢ ያ ቤት ዛሬም ያለ ይመስለዋል። ሱቅ ውስጥ አንድ ልጅ ስፕሪንግፊልድ ኢሊኖይ ውስጥ ያለችው ከተማ ናት ብሎ ተከራክሮኛል፤ አልፈርድበትም፣ ኩባንያው ኢሊኖይ ነው፣ እዚያም በዚሁ ስም የምትጠራ ከተማ አለች። በ1968 የመጨረሻ ደሞዛቸውን ተቀብለው ከዚያ በር የወጡት ሰዎች፣ በጦርነቱ ጊዜ ቀንና ሌሊት በፈረቃ የቆሙት ሴቶች፣ ሥራቸው እንዳልተቋረጠ ተደርጎ ሲነገር ማብቃታቸው ተሰረዘ ማለት ነው። ማብቃትም እኮ የታሪክ አንድ ክፍል ነው፣ ሊነገርላቸው ይገባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ስሙ ይቅር አልልም፣ ገዝተውታል። አዲስ ሽጉጥ ሲገዛ በላስቲክ ሳጥን ነው የሚመጣው፣ ውስጡ መመሪያ አለ፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ማጽዳት፣ ስለ ዋስትና የሚናገር። እዚያ ላይ አንድ ገጽ ይጨመር። ስለ ካርሎቫትስ ይጻፍበት፣ ስለ 1991፣ ስለ ማዕቀቡ፣ ስለዚያ እንከን ስላልጠፋው የመጀመሪያ ሽጉጥ። የማርኮ ቩኮቪች ስም ይኑርበት። ከተቻለ ደግሞ እንደ ድሮው ስፕሪንግፊልድ፣ ሽጉጡን ለክቶ ያሳለፈው ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደላት በማይታይ ቦታ፣ ከውስጥ ካለው ሞላ ሥርም ቢሆን፣ ይመቱ። እኔ ፈትቼ አገኛቸዋለሁ።